ውሃ አልሣል ሲል

የሰው ፊት የሚሥል ሰዓሊ ሥራው ሲበላሽበት ጥፋቱን ብዙም ሳይቸገር ያገኘዋል፤ አፍንጫው ተጣሟል፣ አንዱ ዓይን ከሌላው ዝቅ ብሏል፣ አገጩ ረዝሟል። በዘይት ቀለም ውሃ የሚሥል ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ከሸራው ራቅ ብሎ ሲቆም የሚያየው ነገር ውሃ አለመሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ለምን ውሃ እንዳልሆነ ግን ሸራው አይነግረውም። ሰማያዊው አለ፣ ሞገዱ አለ፣ የዛፉ ነጸብራቅም በቦታው ተቀምጧል፤ ሆኖም እነዚህ ሁሉ ተደምረው ቀለም የተቀባ ጨርቅ እንጂ ውሃ አልሆኑም። ብዙዎች ውሃ መሣልን እርግፍ አድርገው የሚተዉት በዚህች ቅጽበት ይመስለኛል።

ስለ ጉዳዩ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ትዕግሥትና ስለ ጽናት የሚሰጡ አጠቃላይ ምክሮች ለዚህ ችግር እንደማይበቁ ስለማምን ነው። በርታ የተባለ ሰው ለአንድ ቀን ይበረታል፤ በማግሥቱ ያንኑ ሸራ፣ ያንኑ ስም የሌለውን ጉድለት ፊት ለፊት ሲያገኘው ብርታቱ ይከዳዋል። በእኔ ልምድ የመሣል ፍላጎትን ከሁሉ በላይ የሚያደርቀው ያልተሳካው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር አለመቻል ነው። ጉድለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተለይቶ የተነገረ ዕለት ግን እጅ የሚይዘው ሥራ ያገኛል። ከዚህ በታች የማነሣው ሁሉ፣ ስለ ብርሃንም ሆነ ስለ ዘይት አደራረቅ የምለው፣ ወደዚህችው ነጥብ የሚመለስ ነው።

ጉድለቱን ለመሰየም መጀመሪያ ዓይናችን በውሃ ገጽ ላይ ምን እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። የምናየው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው፦ ከገጹ ላይ የሚንጸባረቀውን ሰማይና ዳርቻ፣ በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደለል ወይም አልጌ የሚሰጠውን ቀለም፣ ውሃው ጥርት ያለና ጥልቀቱ ያነሰ ሲሆን ደግሞ ከሥር ያለውን ወለል። የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በአብዛኛው የሚወስነው የምናይበት ማዕዘን ነው። ወደ እግራችን ሥር ቁልቁል ስናይ ጸጥ ያለ ውሃ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ድንጋዩና አሸዋው ይታየናል። የዕይታችን መስመር ከውሃው ገጽ 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ሲሆን ተመላሹ ብርሃን ገና 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ወደ 35 በመቶ ያሻቅባል፤ ከዚያም ባነሰ ማዕዘን ውሃው እያደር መስተዋት ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ሸራ ላይ፣ ከታችኛው ጠርዝ አንሥቶ እስከ ሩቁ ዳርቻ ድረስ፣ ውሃው ቀስ በቀስ ባሕርዩን መለወጥ አለበት ማለት ነው። ከፊት ያለው ውስጡን የሚያሳይ፣ ከኋላ ያለው ሰማይን የሚመልስ ነው። «ውሃ አልመስል አለ» ተብለው ከተጣሉ ሸራዎች ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ይህ ሽግግር የጎደላቸው፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ሰማያዊ የተሞሉ እንደሆኑ ለመገንዘብ ሸራዎቹን ከዚህ አንጻር አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃል።

ነጸብራቅም የራሱ ሕግ አለው። ብዙ ጀማሪ ሰዓሊዎች ዳርቻው ላይ ያለውን ነገር ገልብጠው ይደግሙታል፤ ነገር ግን ነጸብራቁ የሚያሳየው ዕቃውን ከውሃው ገጽ ሆነን ወደ ላይ ብናየው የምናየውን መልክ ነው። ለዚህ ነው ከድልድይ በላይ ቆመን የማናየው የድልድዩ ሆድ በውሃው ውስጥ የሚታየን፤ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለ ኮረብታ ደግሞ በውሃው ውስጥ ከሚጠበቀው አጥሮ ወይም ከናካቴው ጠፍቶ የምናገኘው። የብርሃኑም መጠን ይለወጣል፤ ነጭ ጀልባ በውሃው ውስጥ ጠቆር ይላል፣ ጥቁር ግንድ ደግሞ ፈካ ይላል፣ ምክንያቱም ከነጩ ብርሃን ከፊሉ ወደ ውሃው ሲገባ፣ በጥቁሩ ላይ ደግሞ ውሃው የራሱን ብርሃን ይጨምርበታል። ነፋስ ገጹን ነካ ሲያደርገው ነጸብራቁ ወደ ጎን አይሰፋም፤ ወደ ተመልካቹ ይረዝማል። ፀሐይ በውሃ ላይ የምትዘረጋው የብርሃን መንገድም ሁልጊዜ ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ በሸራ ላይ ሰያፍ ሆኖ የተሣለ እንደሆነ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅ አላምንም ይላል። ጥላን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጥርት ባለ ውሃ ላይ ጥላ እንደ መሬት ላይ ጥላ አያርፍም፤ ውሃውን አልፎ ከሥር ባለው ወለል ላይ ይታያል።

እነዚህን ነገሮች የማነሣው የፊዚክስ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። ሸራው ፊት የቆመ ሰው «አልቻልኩም» ከማለት ይልቅ «የሩቁ ውሃ የሰማዩን ብርሃን አልያዘም» ወይም «የጀልባው ነጸብራቅ እንደ ጀልባው ነጭ ሆኗል» ማለት ሲችል በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግዙፍ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ሰውየው ነው፤ ሁለተኛው ስለ አንድ የሸራ ክፍል ነው፤ የሸራ ክፍል ደግሞ ይስተካከላል።

ስለ ሰማያዊ ቀለም ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ከቱቦ የወጣ ሰማያዊ እንዳለ ውሃ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በተለይ ፍታሎ ብሉ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ የቀረበው ቀለም፣ የማቅለም ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ጥቂት ጠብታው የፓሌቱን፣ የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳውን፣ ግማሽ ይወርሳል፤ ተስፋ በቆረጠ እጅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውሃውን ይበልጥ ውሃ ለማድረግ በሚል እየተጨመረ ሸራውን ሁሉ ያነቅዘዋል። እኔ ከፓሌቴ አስወጥቼዋለሁ። አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊ በርንት አምበር ከተባለው ጥቁር ቡናማ ጋር ተደባልቆ የሚሰጠው ግራጫ፣ ሲፈለግ ወደ ሙቀት ሲፈለግ ወደ ቅዝቃዜ የሚያዘነብል በመሆኑ፣ ከማንኛውም የተዘጋጀ ሰማያዊ ይልቅ ለውሃ ይቀርባል። ቪሪዲያን ከተባለው አረንጓዴ ትንሽ ሲጨመርበት የጥልቅ ውሃን አረንጓዴ ይሰጣል። ቀለም መቀላቀል ብቻውን እንደ አንድ የሥራ ቀን ሊቆጠር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምንም ሳይሥሉ የአንዱን ውሃ አምስት ወይም ስድስት ግራጫዎች በፓሌት ላይ አስተካክሎ ማግኘት፣ ሸራ ነክቶ ከማበላሸት ይልቅ ለነገ የሚያጓጓ ውጤት ነው።

ሌላው የብስጭት ምንጭ የውሃ እንቅስቃሴ ነው። ዓይን አንዱን ሞገድ ይዞ ሳይጨርስ ሌላው ይተካዋል። ብዙዎቻችን መፍትሔ አድርገን የምንይዘው ፎቶግራፍን ነው፤ ፎቶግራፉ ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ውስጥ የተነሣ ፎቶ የውሃውን ፍንጣቂ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ የካሜራው ዓይን ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የተነሣው ደግሞ ፏፏቴውን ጭጋግ ያደርገዋል። ሁለቱም የሰው ዓይን የማያየው ውሃ ነው። ከእንዲህ ያለ ፎቶ በታማኝነት የገለበጠ ሰው፣ ሥራው ትክክል ሆኖ ሳለ ሕይወት ሲያጣበት፣ ጥፋቱን በእጁ ላይ ይጥላል።

በዚህ ረገድ ኢቫን አይቫዞቭስኪን ደጋግሜ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1817 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በፌዮዶሲያ የተወለደው ይህ ሰዓሊ በሕይወት ዘመኑ 6000 የሚያህሉ ሥዕሎችን እንደሠራ ይነገርለታል፤ እጅግ የታወቀውን «ዘጠነኛው ማዕበል» እ.ኤ.አ. በ1850 ሠርቷል። የባሕርን እንቅስቃሴ በቦታው ሆኖ በብሩሽ መያዝ አይቻልም ብሎ ስለሚያምን ባሕሩን ይመለከት ነበር፤ የሚሥለው ግን በሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ከትዝታው ነበር። አሜሪካዊው ዊንስሎው ሆመር በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ በሜይን ግዛት፣ ፕራውትስ ኔክ በተባለ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ከውቅያኖሱ አፍ ሥር ኑሮውን መሥርቶ፣ ማዕበሉን በየወቅቱ እያየ ሠርቷል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ለመመልከት የሰጡት ጊዜ ብዙ ነው። ብሩሽ ሳይዙ ተቀምጦ አንድን ሞገድ ብቻ ከተነሣበት እስኪፈርስ መከተል፣ ዓይንን ጨፍኖ ቅርጹን ማስታወስ፣ እንደገና ማየት፤ ይህ ልምምድ ምንም ሸራ ስለማያበላሽ ምንም ተስፋ አያስቆርጥም፤ ሞገዶችም እንደሚደጋገሙ፣ ቅርጻቸው ጥቂት ቤተሰቦች እንዳሉት ያስተምራል።

አሁን ወደ ዘይቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከውሃው የሚመጣ የሚመስለን ብስጭት ግማሹ የሚመጣው ከዘይት ቀለም ጠባይ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ በኬሚካዊ ለውጥ ይጠነክራል። ስለዚህ የሚፈጅበት ጊዜ እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ ውፍረቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይደርሳል። አምበር በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ቶሎ ይደርቃል፤ ቲታኒየም ነጭ ግን ይዘገያል። ለውሃ ሠዓሊ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ የብርሃን ብልጭታና የሞገድ አረፋ የሚሠሩት ቀስ ብሎ በሚደርቀው ነጭ ነው፤ የሚያርፉትም ገና እርጥብ በሆነ ጥቁር ውሃ ላይ ከሆነ ነጩ ከሥሩ ያለውን ቀለም እየሳበ አመድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ተጨማሪ ነጭ መደረብ ነው፤ ተጨማሪው ነጭም አመድ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ ያልፋል። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ሳለ የሚቸግረን እጅን መሰብሰብ ስለሚጠይቅ ነው። የታችኛው ሽፋን ይድረቅ፤ ከዚያ ብልጭታው በንጹሕ ብሩሽ፣ ወፈር ባለ ቀለም፣ በአንድ ምት ይቀመጥ፤ ብሩሹም ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ይጠረግ።

ይድረቅ ማለት ግን መጠበቅ ማለት ነው፤ ፍላጎት የሚሞተውም በመጠበቅ ውስጥ ነው። አንድ ሸራ ብቻ ያለው ሰው እስኪደርቅ ድረስ ወይ ይቀመጣል፣ ወይ ትዕግሥት አጥቶ ይነካካዋል። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በተከታታይ ሥራዎቹ ብዙ ሸራዎችን ጎን ለጎን ይዞ፣ ብርሃኑ ሲለወጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገር ነበር። እርሱ ይህን ያደረገው ለብርሃኑ ሲል ነው፤ ለእኛ ግን ለመንፈስም ይጠቅማል። ሦስት ወይም አራት ሸራዎች በተለያየ ደረጃ ላይ ሲገኙ ሁልጊዜ የሚነካ ሥራ አለ፤ ከዚህም በላይ የአንዱ ሸራ ውድቀት የሰዓሊው ውድቀት መስሎ መታየቱ ይቀራል። ቶሎ እንዲደርቅ የሚሹ ሰዎች አልኪድ በተባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ የተዘጋጀ ማቅጠኛ ቢጠቀሙ አብዛኛው ሽፋን በአንድ ቀን ገደማ ይደርቅላቸዋል። ብቻ ከታች ዘይት ያነሰው፣ ከላይ ዘይት የበዛው ይሁን የሚለው የቆየ ሕግ አይዘንጋ፤ ሕጉ ሲገለበጥ የላይኛው ሽፋን ቀድሞ ይጠነክርና ከሥሩ ያለው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ከዘይቱ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው በከንቱ የሚያዝንበት አንድ ነገር አለ። ትናንት ጥልቅና አንጸባራቂ የነበረው የውሃ ጥላ ዛሬ ደርቆ ሲታይ አመዳም፣ የፈዘዘና ጠፍጣፋ ይሆናል። ቀለሙ አልጠፋም፤ ዘይቱ ወደ ታችኛው ሽፋን ስለሰረገ ብቻ ነው። በአምበርና በጥቁር ቀለሞች ላይ ይህ በተለይ ጎልቶ ይታያል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ጥልቀት ደግሞ የሚሠራው በእነዚህ ነው። ከደረቀ በኋላ በጣም ስስ የሆነ የዘይት ሽፋን ተቀብቶ ትርፉ በጨርቅ ሲጠረግ ጥልቀቱ ይመለሳል፤ ሥራው አልቆ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላም ቫርኒሹ፣ የመጨረሻው መከላከያ ቅብ፣ መላውን ገጽ ያስተካክለዋል። ዘይቱ በሰረገበት ሸራ ላይ ፍርድ መስጠት ተገቢ አይደለም። ስንት መልካም ሥዕል በዚህ ምክንያት ተበላሽቶ ይሆን!

ስለ መፋቅም ጥቂት ልበል፤ መፋቅ እንደ ሽንፈት መቆጠሩ ያሳዝነኛል። የለንደኑ የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ሄንሪ ቶንክስ ተማሪዎቹን በሥራ ቀናቸው መጨረሻ እርጥቡ ሥዕል ላይ ወረቀት ለጥፈው ትርፉን ቀለም እንዲያነሡት ያስተምር ስለነበር፣ ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሚቀረው ስስ የሥዕሉ ጥላ ለማግሥቱ እጅግ ምቹ መሠረት ነው፤ ቅርጹ አለ፣ ጭቃው የለም። ውሃ ሲሣል ይህ ዘዴ ከሌላ ከማንኛውም ርእሰ ጉዳይ ይልቅ ይረዳል፤ ምክንያቱም የተፋቀው ገጽ ራሱ ብዙ ጊዜ በብሩሽ የተደከመበትን ያህል ውሃ ይመስላል፤ ጠርዞቹ ለስልሰዋል፣ የታችኛው ሽፋን በላይኛው በኩል ያስተላልፋል።

በአንጻሩ ሸራን ማጥፋትን አልደግፍም። ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1908 ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲቃረብ 15 ያህል የውሃ አበባ ሥዕሎቹን እንዳጠፋ ይታወቃል፤ በቀጣዩ ዓመት 48 ሥዕሎችን አሳይቷል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታላላቆችም ይበሳጫሉ ለማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የዓይን ሞራ እንዳለበት ተነገረው፤ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው በ1923 ነው፤ በነዚህ ዓመታት ያንኑ ኩሬ መሣሉን ጨርሶ አልተወውም፤ በፓሪስ ኦራንዠሪ ሙዚየም የተሰቀሉት ግዙፎቹ የውሃ አበቦች ለሕዝብ የታዩት እርሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1927 ነው። በአንድ ኩሬ ላይ ያን ያህል ዘመን መቆየት የቻለው ኩሬው ሁልጊዜ ያልተመለሰ ጥያቄ ስላቀረበለት ይመስለኛል። ስለዚህ ያልተሳካን ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ ይሻላል። ከወራት በኋላ ሲገለበጥ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አፍታ ይታያል፤ በዕለቱ ግን ድካምና ምኞት ዓይንን ጋርደውት ነበር።

የሌሎች ሰዎች አስተያየትም ውሃን በሚሥል ሰው ላይ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ ውሃን ያላየ ሰው ስለሌለ ሁሉም ይፈርዳል። የእንግሊዛዊው ሰዓሊ የተርነር የበረዶ ማዕበልና የእንፋሎት መርከብ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1842 ሲታይ የሳሙና አረፋና የኖራ ቅብ ነው ብለው ያጣጣሉት ነበሩ፤ ተርነር ያኔ ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ሲሥል የኖረ የ67 ዓመት ሰው ነበር። ሥራን ለሰው ማሳየት መልካም ነው፤ ሆኖም «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያመጣው መልስ ወይ ሙገሳ ወይ ቅሬታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለነገ የሚሠራ ነገር አይሰጡም። «ውሃው ወደ ኋላ ይሄዳል ወይስ እንደ ግድግዳ ይቆማል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን ሰዓሊ ባይሆንም የሚጠቅም መልስ ይሰጣል።

በየሸራው ጀርባ ላይ በእርሳስ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ የምጽፈውም ቀኑንና በዕለቱ የፈለግሁትን አንዲት ነገር፣ በሥራው የቀረውንም ጉድለት ነው። በትንሽ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ መሥራት፣ ለምሳሌ ዳርቻው ከውሃው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ብቻ፣ በትልቅ ሸራ ላይ መላውን ሐይቅ ከመያዝ ይልቅ ለፍላጎት ምቹ መሆኑን ያየሁት ከነዚህ ማስታወሻዎች ነው። ሥራ ስጨርስም ቀጥሎ የሚሠራውን አውቄ፣ ሳልሠራው እተወዋለሁ፤ ነገ የምገባው ባዶ ፍርሃት ውስጥ እንዳይሆን። ፈጽሞ ፍላጎት በሌለበት ቀን ሸራ መወጠር፣ የመሠረት ቅብ መቀባት፣ ብሩሽ ማጠብ አለ፤ እነዚህ ሥራዎች ከሥዕል ሥራ ውጭ አይደሉም።

በአሁኑ ጊዜ የያዝሁት የወራጅ ውሃን ከንፈር ነው፤ ለስላሳው ውሃ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ሊወድቅ ሲታጠፍ ሰማይን መመለሱን የሚያቆምበትና የራሱን አረንጓዴ የሚገልጥበት ጠባብ መስመር። ይህ መታጠፍ ስንት የብርሃን ደረጃ እንደሚፈልግ ገና አልተገለጠልኝም፤ በሦስት ደረጃ ሲሠራ ብርጭቆ ይመስላል፣ በብዙ ሲሠራ ደግሞ ጨርቅ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ያለ ሰማያዊ፣ በአምበርና በቪሪዲያን ብቻ፣ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ልሞክረው ነው።